ቤቴን የነፍሰ ገዳይ ቤት ላደረጉልኝ ዳይሬክተር

ለተከበሩ ሚስተር ዳግላስ ፔንሮዝ
«የበረንዳው መብራት» የተሰኘው ልብ አንጠልጣይ ፊልም ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቋት ጥቁር መነጽርዎ ሳትቀር ደህና ናት? እኔ እዚሁ ዊስኮንሲን፣ ሃርሞን ከተማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ከረሱኝ፣ ቨርነን ሃልቮርሰን እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር ለሦስት ቀናት ቤቴን ለፊልምዎ የለቀቅኩና ሠራተኞችዎን በሙሉ በዓሣ የተሠራ ፓስታ ያበላሁ ሽማግሌ ነኝ።

ፊልሙ ከተማችን ሲኒማ ቤት ስለደረሰ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ገብቼ አየሁት። ስለ ጥበብዎ ያለኝን አስተያየት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ሁለት ልጆች አስተኝታ ብቻዋን የቀረችው ሞግዚት ከምድር ቤት ኮቴ ስትሰማ፣ መብራት ሳታበራ፣ በባዶ እግሯ፣ «ማን ነው?» እያለች መውረዷ እጅግ አስተምሮኛል። እስከ ዛሬ ሰው ሲፈራ ወደ ውጭ የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር።

፪. መስታወት ሲሰበር፣ ቤቱ በጩኸት ሲናወጥ ሁለቱ ልጆች አንዴም ሳይነቁ ማደራቸውን ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ቀናሁ። እኔ የማውቃቸው ልጆች የከረሜላ ወረቀት ሲፈታ ይነቃሉ።

፫. በእኛ ሰፈር ወላጆች ሲወጡ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ የሄዱበት ስልክ፣ የሐኪሙ ስልክ፣ ከታች ደግሞ የጎረቤት ስልክ። የእርስዎ ሞግዚት ፍሪጁን ሦስት ጊዜ ከፍታ ወተቷን ስትጠጣ ወረቀቱን አላየችውም። ብታየው ፊልሙ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበርና፣ ይሁን፣ ገብቶኛል።

፬. ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። ባለቤቴ ማርጂ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ከፊት ለፊቴ ኬስለሮች ይኖራሉ፤ ዓርብ ዓርብ ሲወጡ ልጆቻቸውን የምትጠብቀው የአሥራ አምስት ዓመቷ ትሬሲ ናት። ልጆቹን አስተኝታ ልክ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ የበረንዳውን መብራት ሁለቴ ታጠፋና ታበራለች፤ «ደህና ነን» ማለቷ ነው። እኔም የእኔን ሁለቴ አጠፋና አበራለሁ፤ «አለሁ» ማለቴ ነው። አንዳንዴ ከዓርብ እስከ ዓርብ ከሰው ጋር የማወራው ይህንኑ ብቻ ነበር። ይህን ያጫወትኩዎት ሳህን እያጠብኩ ነው፤ እርስዎም «አቤት፣ እንዴት ደስ ይላል!» ብለው በደብተርዎ ላይ ጻፉት። ማርጂ ከሞተች ወዲህ የምናገረውን ከቁም ነገር የቆጠረልኝ ሰው እርስዎ ነበሩ፤ ልሸሽግዎ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እነሆ በፊልሙ መጨረሻ ልጅቷን ሲያሳድዳት የነበረው እንግዳ ሰው ማንነቱ ታወቀ፤ ማዶ ብቻውን የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ። በእኔ በረንዳ ቆሞ የእኔን መብራት ሁለቴ አጠፋና አበራ። አዳራሹ በሙሉ ጮኸ። ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ «ኧረ ይሄ የሃልቮርሰን ቤት አይደል እንዴ!» አለ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ያመላለስኩት ልጅ ነው፤ በድምፁ ለየሁት።

በሚቀጥለው ዓርብ ሁለት ሰዓት ላይ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቆምኩ። የኬስለሮች መብራት ብልጭ አላለም። የእኔን ሁለቴ አጠፋሁና አበራሁ፤ ይህን ጊዜ ትሬሲ መጋረጃውን ዘጋች።

በማግስቱ ሚስስ ኬስለር መጣች። አሥር ዓመት ሙሉ «አንተ ቨርን» ስትለኝ የኖረች ሴት ደጅ ላይ ቆማ፣ «ሚስተር ሃልቮርሰን፣ አይቀየሙኝ፤ እኛማ ፊልም መሆኑን እናውቃለን፤ ልጅቷ ፈርታ ነው፤ ለጊዜው ስልክ ቁጥርዎን ፍሪጁ ላይ ካለው ወረቀት አንስተነዋል» አለችኝ። «ምንም አይደል» አልኳት። ምን ልበላት? እኔ ራሴ ፊልሙን ካየሁ ወዲህ ቤት ስገባ ምድር ቤቱን አየት አደርጋለሁ።

እንግዲህ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ሽማግሌ የከተማው መነጋገሪያ ስላደረጉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በፊልሙ ማብቂያ በሚወጣው ምስጋና በፊልሙ የታየችው ድመት ስም ሳይቀር ተጠቅሶ የእኔ መቅረቱም ለደኅንነቴ ታስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ከበረንዳውና ከባለ ስልሳ ሻማ አምፖሉ ጋር ለጥበብዎ እጅ የሚነሣው፣ ለሚቀጥለው ገዳይዎም ቤቱን ክፍት አድርጎ የሚጠብቀው፣

ቨርነን ሃልቮርሰን

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቀረጻው የመጀመሪያ ቀን «ምናልባት አንድ ነገር ቢፈጠር» ብለው የስልክ ቁጥሬን በዚያው ደብተርዎ ላይ ጽፈው ነበር። ከኬስለሮች ወረቀት ላይ ከተነሣ ወዲህ ቁጥሬ ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። በፊልምዎ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልጅቷ ትደነግጣለች። እኔ አልደነግጥም፤ ምንም ባይፈጠርም ይደውሉ።