የእትዬ ብሩክታይት ፍሪዘር

ሰሚት፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ተቆጥቼህ አላውቅም፤ ቁጣ እንዴት እንደሚጻፍም አልተማርኩም። ስልክ ላይ ስትጮህ ምላሴ ይተሳሰርና "እሺ አባዬ" ብዬ እዘጋዋለሁ። ትናንትም እንደዚያው አልኩህ። ግን በልቤ እሺ አላልኩም። የምጽፍልህ ለዚህ ነው።

ወንድሜ ሊባኖስ ዛሬም ያስላል። ከጆሮው እንደገና መግል መውጣት ጀምሯል። እማዬ ሥራ ስለሆነች አብሬው የዋልኩት እኔ ነኝ። "ሳሚ፣ የአባዬ መድኃኒት ነገ ነው አይደል?" እያለ ይነዘንዘኛል። ነገ ነው ስለው እጁን ዘረጋልኝ፤ መርፌው የሚገባበትን ቦታ ራሱ መርጦ ሊያሳየኝ። ትምህርት ቤት እንኳ ያልገባ ልጅ ደም ሥሩን ለይቶ ያውቃል። ይህን ታውቃለህ?

ሐኪሟ ስታስረዳን አንተ አልነበርክም። የወንድሜ ሰውነት በሽታ የሚከላከልበትን ነገር ራሱ መሥራት አይችልም፤ ሲወለድ ጀምሮ። ስለዚህ ከሌሎች ጤነኛ ሰዎች ደም ተጣርቶ የወጣው፣ በየወሩ እንደ ጉሉኮስ ጠብ ጠብ እያለ በደም ሥሩ ይገባለታል። ሲያገኝ ደረጃውን በሩጫ ይወርዳል፣ ከእኔ ጋር ይጣላል፣ ምግብ ይበላል። ሲያልፈው እንደ አሁኑ ነው።

እዚህ ሲጠፋ ከዱባይ ገዝተህ ወደዚህ በምትመጣው በእትዬ ብሩክታይት ላክህለት። ለዚህ ከልቤ አመሰግንሃለሁ። የሆነውን እማዬ ነግራሃለች፤ በዓይኔ ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ሰፈር ቤቷ ልቀበል ስሄድ እትዬ ብሩክታይት ፍሪዘሩን ከፍታ ከሥጋው መሀል አወጣችው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ደርቆ በረዶ ሆኗል።

"ይኸውልሽ የኔ ቆንጆ፣ እንዳይበላሽ ብዬ ቅዝቃዜው የሚብስበት ጋ ከተትኩት" አለችኝ። "አባትሽ ደግሞ ፍሪጅ ይበቃዋል ይለኛል! ወንድ ስለ ፍሪጅ ምን ያውቃል?"

ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳት። ካርቶኑ ላይ ግን በረዶ እንዳይሆን ተጠንቀቁ የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ባቆምም ይህችን ማንበብ አያቅተኝም።

አሁን ቀልጦ ፍሪጃችን ውስጥ ነው። ጥርት ብሏል፣ ምንም የሆነ አይመስልም። እማዬ ለነርሷ እውነቱን እንንገራት ስትል ምን አልካት? "ያን ሁሉ መንገድ ተሸክማ አምጥታልን አበላሸች ይባልባት? በምን ዓይኔ አያታለሁ? ቀልጧል አይደል፣ ዝም ብላችሁ አሰጡት።" ለእኔ ደግሞ፣ "አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ፣ አፍሽን ያዢ።" እማዬ አልቅሳ ተስማማች።

አባዬ፣ ይሉኝታህ የሚገባው በማን ደም ሥር ነው? በአንተ ነው? በእሷ ነው?

ያ መድኃኒት ደማቸውን ከሰጡ ሰዎች የተሠራ ነው። አንዳቸውንም አናውቅም፣ እነሱም አያውቁንም፤ አመስግኑን ያለን የለም። እትዬ ብሩክታይትን ግን እንዳናሳፍር ብለን የተበላሸ ነገር ልጁ ውስጥ ልናስገባ ነው። እሷ ክፉ ሰው አይደለችም። ብትጠይቃት፣ ሊባኖስ ከሚጎዳ እኔ ልፈር የምትል ይመስለኛል። አንተ ግን አልጠየቅሃትም።

ጨዋ ስትሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ በር ጥግ የምቆም፣ ሰው ሲያናግረኝ ሻርፔን የምነክስ ልጅ ነኝ። ዝምታዬ ማንን እንደሚጠቅም ግን አሁን ገባኝ። ተናድጃለሁ። ጽሑፌ የተጣመመው ለዚህ ነው።

ሌላ እስኪገኝ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ እፈራለሁ። ግን ሐኪሟ ካላወቀች መድኃኒቱን አግኝቷል ብላ ትተወዋለች። ካወቀች ትፈልግለታለች።

መድኃኔዓለም በሰው አገር ይጠብቅህ። ሊባኖስ ስሞሃል። ይህን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም የምልክልህ ከሐኪም ቤት ስንመለስ ነው፤ ቀድመህ ደውለህ እንዳታስቆመኝ።

ነገ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ጠርሙሱን የምይዘው እኔ ነኝ። ነርሷ ክንዱን ሳታስር "ይህ በረዶ ሆኖ ነበር" እላታለሁ። ዛሬ ሊባኖስ ሲተኛ መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ ውያለሁ። ድምፄ አልወጣ ካለ ደግሞ ካርቶኑን እዘረጋላታለሁ፤ ጣቴን ጽሑፉ ላይ አድርጌ፣ እስክታነበው አላነሳም።

ልጅህ ሳምራዊት