መግቢያው አንድ ስህተት ነው

ውድ ቲቸር ደምሴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ስኳሩስ? ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መስሎዎት ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው ከሆነ ይመልሱት። በአማርኛ ነው የጻፍኩልዎት። አማርኛም ቢሆን ሁለተኛ ቋንቋዬ ነውና የሚታረም ነገር ካገኙበት ለራስዎ ይያዙት።

ቅዳሜ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ስብሰባ ተነስተው ወጡ። በር ላይ ስጠራዎት አልዞሩም፤ ባጃጅ አስቁመው ሄዱ። ስልክ ልደውልልዎ አስቤ ተውኩት፤ በመሃል ያርሙኛል፣ እርስዎ ሲያርሙኝ ደግሞ እስከ ዛሬ ሐሳቤ ይበተናል። ወረቀት ላይ ያለ ሰው ግን አይቋረጥም። ስለዚህ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

እንግሊዝኛ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን ማንም ቢጠይቀኝ አልክድም። የዘጠነኛ ክፍሉ ሥርዓትዎም አይረሳኝም። የተሳሳተ ተማሪ ቆሞ ይቀራል፤ ሌላው ሲያርመው እየሰማ፣ ሳይሳሳት እስኪደግመው ድረስ አይቀመጥም። እኔ እልኸኛ ነኝ፣ ቆሜ ተማርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ታቢታ ግን እንደ እኔ አልነበረችም። አንድ ቀን «እስማማለሁ» ለማለት «አይ አም አግሪ» አለች። ግማሹ ሐዋሳ የሚለው እንደዚያ ነው። «አይ አግሪ» በይ አሏት፤ በድንጋጤ ያንኑ ደገመችው። ክፍሉ ሳቀ። ደወል እስኪደወል ቆማ ቀረች። ከዚያ በኋላ በእርስዎ ክፍለ ጊዜ ድምጿን የሰማ የለም፤ ስም ሲጠሩ እንኳ እጇን ብቻ ነበር የምታወጣው። እርስዎ ይህን የሚያስታውሱት አይመስለኝም። እኛ እናስታውሰዋለን።

ታቦር ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ከሥራ ሰዓት በኋላ የማስተምራቸውን ያውቋቸዋል። ሐይቅ ዳር ባሉ ሆቴሎች ክፍል የሚያጸዱ፣ የሚያስተናግዱ፣ ልብስ የሚተኩሱ ናቸው፤ ባለባጃጁ ኤልናታንም አለ። ክፍያ የለንም። መግቢያው አንድ ስህተት ነው። የሚገባ ሁሉ በዚያ ሰሞን በእንግሊዝኛ ሲናገር የተሳሳተውን አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፣ እኔም ጭምር። ኤልናታን አንድ ፈረንጅ «ይህን ጌስት ሃውስ አታውቀውም?» ሲለው «የስ» ብሎ መለሰለት። በእኛ አነጋገር «አዎ፣ አላውቀውም» ማለቱ ነበር። ፈረንጁ ያውቀዋል ብሎ ተሳፈረ፤ የምሥራቅ ክፍለ ከተማን ሲያካልሉ ነዳጅ ጨረሱ። ኤልናታን ራሱ ሲያወራው አልቅሰን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ «አታውቅም?» ለሚል ጥያቄ «ኖ፣ አይ ዶንት» ማለትን ከመካከላችን የሳተው የለም።

ስለዚህ «ስህተት አታርምም» ብለው ለሽማግሌዎቹ ያሉት ነገር ውሸት ነው። አርማለሁ። ተናጋሪው ሐሳቡን ከጨረሰ በኋላ፣ ያለውን አስተካክዬ እንደ ጥያቄ እመልስለታለሁ። «የስተርደይ ሂ ጎ» ካለኝ «ኦ፣ ሂ ዌንት?» እለዋለሁ። «የስ፣ ሂ ዌንት» ብሎ ይቀጥላል። የታረመ መሆኑን እንኳ ሳያውቀው ይታረማል። ይህን ከማን እንደተማርኩት ኋላ እነግርዎታለሁ።

ባለፈው ወር መጥተው ከኋላ ሲቀመጡ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቲቸሬ ሊያዩኝ መጡ አልኩ። ያን ቀን ደግሞ ታቢታ ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት በእንግሊዝኛ ልትናገር ተነሳች። የምታጸዳው ክፍል ውስጥ ያረፈ እንግዳ «ሰዓቴን ወስደሻል» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ፊት እንዳቆማት ነበር የምትነግረን። እንግዳው ያላትን ገና «ሂ ሴይ ሚ» ብላ ስትጀምር እርስዎ ከኋላ «ሴድ ቱ ሚ» አሉ። ቀጠለች። «ቴክ» ስትል «ቱክ» አሉ። ቀጠለች። ከዚያ ብድግ ብለው «ከመጀመሪያው ጀምሪው፣ በትክክል» አሏት። ታቢታ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላም ወደ ትምህርቱ አልተመለሰችም። ሰዓቱ ይገኝ አይገኝ፣ እሷ ከሥራ ትባረር አትባረር ሳንሰማ ቀረን።

እርስዎ ግን በቀጥታ ወደ ሽማግሌዎች ሄዱ። «ሐዳሳ ስህተት እያስተማረች ነው፤ እነዚህ ልጆች የሚናገሩትን ማንም አይረዳውም፤ አዳራሹን ወይ ዝጉት ወይ ለእኔ ስጡኝ» አሏቸው። ለእኔ አንድ ቃል ሳይነግሩኝ። ተናደድኩ፤ ይህን ስጽፍም እንደተናደድኩ ነኝ።

ቅዳሜ የሆነውን አብረን አይተነዋል። ቢሆንም እኔ እንዴት እንዳየሁት ይወቁልኝ።

ጸሎት ተደርጎ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ዘሪሁን እንደ ልማዳቸው «አጭር ምስክርነት ያለው አለ?» ሲሉ ታቢታ ከበሩ አጠገብ ተነሳች። መምጣቷንም አላየሁም ነበር። «ጌታ ይመስገን» አለችና በእንግሊዝኛ ጀመረች።

«ልጄ፣ በእንግሊዝኛ ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ዘሪሁን።

«አዎ ጋሼ። ዛሬ የሚወራው ስለ እንግሊዝኛችን አይደል?»

ጋሽ ዘሪሁን ትንሽ አሰቡና ወደ እርስዎ ዞሩ። «እንግዲያው ቲቸር፣ እንደ ወትሮው ያስተርጉሙልን» አሉ።

እንቢ ማለት አይችሉም ነበር። በየጊዜው ለመጣ የውጭ ሰባኪ ሁሉ አጠገቡ ቆመው ሲያስተረጉሙ የኖሩት እርስዎ ነዎት። የአስተርጓሚን ወግ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አስተርጓሚ አያርምም፣ የተባለውን ይላል፣ ተናጋሪው «እኔ» ሲል እሱም «እኔ» ይላል። ሄደው አጠገቧ ቆሙ።

ታቢታ እንደመጣላት ተናገረች፤ ግሱ ሁሉ የዛሬ፣ መስተዋድዱ ሁሉ ያለቦታው። እርስዎም እየተከተሉ በዚያ በሚያምር አማርኛዎ አሉት። «እንግዳው ሰዓቴን ወሰድሽ አለኝ። ሥራ አስኪያጁም ምን ትያለሽ አለኝ። አፌ ደረቀ።» ከዚያ እሷ አንድ ነገር አለች፤ እርስዎ ዝም አሉ። ጋሽ ዘሪሁን «ምን አለች?» አሉ። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው አስተረጎሙት። «ዘጠነኛ ክፍል ቆሜ የቀረሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ልክ እንደዚያ ቀን ፈራሁ።»

በእርስዎ አፍ ስሰማው አለቀስኩ ቲቸር። ለታቢታ ይሁን ለእርስዎ ያለቀስኩት እስካሁን አላወቅሁም።

ቀጠሉ። «ነገር ግን አልወሰድኩም፣ አብረን እንፈልግ አልኩት። አልጋውን አብረን ሳብነው። ሰዓቱ ከግድግዳው ሥር ወድቆ ነበር። እንግዳው ይቅርታ ጠየቀኝ። ሥራዬ ላይ አለሁ። አፌን የከፈተልኝ ጌታ ይመስገን።» ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። «ማንም አይረዳውም» ካሉት እንግሊዝኛ ውስጥ አንድም ቃል አልጠፋዎትም።

ሽማግሌዎቹ ሁለታችንንም ላለማስቀየም ብለው ነገሩን መሃል ላይ ሊያሳርፉት ሞከሩ፤ ሐዳሳ ታስተምር፣ ቲቸር ደግሞ በተቆጣጣሪነት ይቀመጡ አሉ። አይሆንም አልኩ። ቲቸር እንደ ሰው መጥተው መቀመጥ ይችላሉ፣ ለመቆጣጠር ከሆነ ግን አንገናኝም፣ ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር አስተምራለሁ ብዬ የአዳራሹን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እናቴ ብትኖር በሽማግሌ ፊት እንዲህ መናገሬን አትወደውም ነበር። ግን ደግሜ እለዋለሁ። እርስዎ ያኔ ነው ተነስተው የወጡት። ስለዚህ ጋሽ ዘሪሁን ቁልፉን አንስተው መልሰው እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ አላዩም። አዳራሹ የእኛ ነው።

አሁን ማረሙን ከማን እንደተማርኩት ልንገርዎ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ውጤቴን ለእናቴ ሊነግሩ ቤታችን ድረስ መጥተው ነበር። እናቴ ከሲዳሙ አፎ፣ ከሲዳማ ቋንቋ ሌላ አትችልም ነበር። እርስዎ ደግሞ ለማስተማር ከሩቅ መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው፣ ሊያከብሯት ብለው በቋንቋዋ ጀመሩ። ጎበዝ ልጅ አለሽ ለማለት ነበር፤ እኔን ወንድ ልጅ አድርገውኝ አረፉ። ወንድሞቼ ሊስቁ ሲሉ በዓይኗ ዝም አሰኘቻቸው። ከዚያም እርስዎ ያሉትን፣ አስተካክላ፣ እንደ ምስጋና መልሳ አለችው። እርስዎም ደስ ብሎዎት ተከትለዋት ደገሙት፣ ያለ ስህተት። አላወቁትም። ቡርሳሜ፣ በቅቤ የተለወሰ ቆጮ፣ አቀረበችልዎት፣ በሉ፣ መርቀው ሄዱ። እናቴ የተሳሳቱትን ለማንም አላወራችም። እርስዎን ግን ቁሙ ያለዎት ሰው አልነበረም።

እኔ የማስተምረው እንደ እሷ ነው። ይህን ደግሞ አልለውጠውም፤ ለሽማግሌዎችም፣ ለሆቴል ሥራ አስኪያጆቹም፣ ለእርስዎም ብዬ።

ቢሆንም ወንበር አስቀምጬልዎታለሁ፤ ወደ ትምህርቱ ከተመለሰችው ከታቢታ ጎን። እሷ ናት እዚያ ይሁን ያለችው። ሲመጡ ቀይ እስክሪብቶውን ቤት ይተዉት፤ መግቢያው ለሁሉም ያው ነውና አንድ ስህተት ይዘው ይምጡ፣ የራስዎን። በሩ ላይ ሲታዩ እንደ ድሮው ሁላችንም ብድግ እንልልዎታለን። ከዚያ ይቀመጣሉ፣ እኛም እንቀመጣለን። እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚቀር የለም።

ዛሬም የምታከብርዎት፣ ግን የማትፈራዎት ተማሪዎ፣
ሐዳሳ
ታቦር፣ ሐዋሳ