የእህቴን ሕመም ለወረፋው ላበሰሩት ፋርማሲስት

ለተከበሩ የሰፈራችን ፋርማሲ ባለቤት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጠነከረ ይሁን እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ የለጠፍኩት ደፋር ሆኜ ሳይሆን፣ የሰውን ገመና አደባባይ ማውጣትን ከእርስዎ ስለተማርኩ ነው።

፩. ማዘዣ በተቀበሉ ቁጥር የመድኃኒቱን ስም ከነበሽታው፣ ጓዳ ሆነው ለሚያቀብሉዎት ባለቤትዎ ጮኸው ስለሚያሳውቁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጡረተኛው ጎረቤታችን ሽንት እንደሚያመልጣቸው፣ የልጆቻችን አስተማሪ ኪንታሮት እንዳለባቸው ያወቅነው ወረፋ ላይ ቆመን ነው። እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ሰላም ተባብለን ብቻ እንተላለፍ ነበር።

፪. ቀስ ይበሉ ብሎ የሚለምንዎትን ሁሉ «በሽታ እንጂ ሌብነት አይደል፣ ምን ያሳፍራል?» እያሉ ይበልጥ ጮኸው ስለሚያጽናኑ እናመሰግናለን። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የራስዎን መመለጥ እንኳ መስታወት ሳይነግርዎ አልቀረም።

፫. ታናሽ እህቴ ማዘዣዋን ስትሰጥዎ «የሚጥል በሽታ ኪኒን አለን?» ብለው የተጣሩ ዕለት፣ ከኋላዋ የቆሙት የምትሠራበት የስፌት ቤት ባለቤት ነበሩ። በማግስቱ «የስፌት መኪናው ላይ ብትወድቂብኝስ?» ብለው አሰናበቷት። ከዚያ በኋላ በርዎን ላለመርገጥ ማለች። እኔ ላምጣልሽ ብላትም «ስሜን እንደገና ሊያስጠሩት ነው?» ብላ ከለከለችኝ። ከሌላ ሰፈር እየገዛሁ ነው ስትለኝ እኔ ሞኙ አመንኳት። አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ ጣላት፤ ያገኘናት ፊቷ ሳፋው ውስጥ እንደተደፋ ነው። እህቴን ገድለውብኛል፣ ክቡርነትዎ።

በአራተኛው ቅሬታ ፈንታ አንድ ምስጋና ላቅርብ። ለቅሶ ሊደርሱን መጥተው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ያሉን እንዴት ባለ ዝግታ ነበር! አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው እንኳ አልሰማዎትም። ለካ ዝቅ ያለ ድምፅም አለዎት። ያንኑ ድምፅ ከለቅሶ ቤታችን ወደ ባንኮኒዎ ይዘውት እንዲመለሱ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ፤ የሌላ ሰው እህት ቆማ እየጠበቀችዎት ይሆናል።

ጩኸትዎን እስከ መቃብር ድረስ በአክብሮት ያዳመጥኩ፣ ታማኝ ደንበኛዎ፣
የሟቿ ወንድም

ማስታወሻ፦ ነገ እናቴ የእንቅልፍ መድኃኒት ማዘዣ ይዛ ትመጣለች። በሽታዋን ለወረፋው ለማስታወቅ አይድከሙ፤ በሽታዋ እርስዎ እንደሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።