የሚዛኑ ድራይቨር

ሰኞ
ኑረዲን ምን ነክቶታል? አብሮኝ የተማረ ሰው፣ ዛሬ ነጻ ፕሮግራሞች በሚከፋፈሉበት፣ ዓለም በሚያየው ገጽ ላይ «ይህ ጥቅል ለማከፋፈል ያልተፈቀደ ፋይል ይዟል፤ እስከ ዓርብ ካልወጣ ከዝርዝሩ ይሰረዛል» ብሎ ለጠፈብኝ። የገጹ መርማሪ ሆኛለሁ ብሎ ነው! መጀመሪያ ቢደውልልኝ ምን ነበረበት?

ጥቅሉ የቡና መመዘኛ ፕሮግራሜ ነው። ደዶ ወረዳ ያሉት የቡና መፈልፈያዎች ሚዛናቸውን ከኮምፒውተር የሚያገናኙት በሱ ነው። ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲያስተካክለው፣ እንዲያባዛው ለቅቄዋለሁ። ያ ፋይል ግን የሚዛኑ ፋብሪካ ድራይቨር ነው፣ ሚዛኑን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባው፤ ውስጡ አይታይ፣ አይነካ። እዚያ ኔትወርክ የለም፣ ሰው ሁሉ በፍላሽ ነው የሚቀባበለው፤ ስለዚህ አብሬ ከተትኩት። ምን አጠፋሁ?

ማክሰኞ
የፋብሪካውን ፈቃድ አነበብኩ። ገና ዛሬ። አፈርኩ፣ ለማንም ግን አልናገርም። መጠቀም ይቻላል፣ ለሌላ ማከፋፈል ክልክል ነው ይላል። እኔ ደግሞ «ሁሉም ነጻ ነው፣ አባዙት» ብዬ ስሜን አስፍሬበታለሁ።

ፍቀዱልኝ ብዬ ለፋብሪካው ጻፍኩ። ከዚያ ለኑረዲን ደወልኩ።
«ፋብሪካው ደዶን የት ያውቃታል?» አልኩት።
«ሜ፣ እባክሽ ተይ እንጂ! አንቺን አምኖ ያባዛው ሰው ቢከሰስስ?»
ዘጋሁበት። ደረቅ!

ረቡዕ
ፋብሪካው መለሰ፦ አይፈቀድም። ሰላምታ እንኳ የለውም።

ደዶ ሄድኩ። የመፈልፈያው መዛኝ አባ ገሮ፣ ድራይቨሩ ሊወጣ ነው ስላቸው ተቆጡ። «ለቀማ ሊጀመር ነው እኮ ልጄ! እንደገና በእጅ ልጻፍ?» አምና በእጅ ሲጽፉ ገበሬው ኪሎ ቀነስክብን ብሎ ሊደበድባቸው ነበር። የፈቃዱን ነገር አስረዳኋቸው። ሰሙኝና፣ «ታዲያ የሰው ቡና በጆንያሽ ከተሽ ያንቺን ስም ጻፍሽበት?» አሉኝ።

ንድድ አልኩ። በሳቸው አይደለም።

ሐሙስ
ደዶ አደርኩ። ድራይቨሩን አወጣሁትና፣ ሚዛኑ በገመዱ የሚልከውን በራሴ ኮድ ለማንበብ ሞከርኩ። ጠዋት ሙሉ ዝብርቅርቅ ፊደል ብቻ። ኮምፒውተሩን በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። አሥር ሰዓት ላይ ስክሪኑ 52.4 አለ። ሚዛኑም 52.4! አልሐምዱሊላህ!

አባ ገሮ አላመኑም። ጆንያውን ከሚዛኑ አውርደው ራሳቸው ወጡበት።

ዓርብ
አዲሱን ቅጂ ላክሁ። ኑረዲን «አልፏል» ብሎ ጻፈ። በቃ፣ አንዲት ቃል። ጥርሴን ነክሼ አመሰገንኩት። ትክክል መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

አሮጌው ግን ስሜን ይዞ አጋሮ ደርሷል። ከገጹ ላይ አጠፋሁት፤ ከሰው ኪስ ማን ይሰበስበዋል? እዚያ ላለው መዛኝ ደወልኩ።
«አሮጌውን አጥፋው፣ አዲሱን ይዤልህ እመጣለሁ።»
«ለምን? ይሠራል እኮ።»
«የሰው ንብረት ነው። የኔ ነው ብዬ ነው የሰጠሁህ።»
«እኔም ለአራት ሰው ሰጥቻለሁ» አለኝ።

ስማቸውን ጠይቄ ጻፍኩ።