ዘነበች የገዛችው ዓይን የሌለው ካሜራ

ማክሰኞ

ዕቃ መጣ። የዘነበች ስም ተጽፎበታል። ያመጣው ልጅ የት ናት አለኝ። ሚስቴ ናት ብዬ ፈረምኩ። ሞታለች ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ውስጡ አንድ ጥቁር ቀለበት ብቻ ነው። ካሜራዋን ከሰማይ ማያው ቴሌስኮፕ ጋር የሚያያይዘው ይሄ ነው። ሳትታመም ነበር ያዘዘችው። እሷ ሄዳ እሱ መጣ።

ከሰዓት በኋላ እህቷ የሺ ደወለች። እዚሁ ዓረብ አገር ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ እዚያው ታድራለች። ዓርብ ፈቃዷ ስለሆነ መጥታ የእህቷን ልብስ ልትወስድ ነው፣ አገር ቤት ለዘመድ ሊታደል። ይሁን አልኩ። ቀጥላ ምን ትላለች፣ "ካሜራውንም ስጠኝ፣ ለሻጩ ልመልሰው። ዓይን የሌለው ካሜራ ሸጠው አሞኝተዋታል።"

ደሜ ፈላ። ዘነበች አልተሞኘችም! ትሠራበት የነበረው ቤት የማዳሟ ልጅ ለትምህርት ሲሄድ ቴሌስኮፑን ሰጣት። ፎቶ ለማንሳት የካሜራው ገላ ብቻ ይበቃል፣ ቴሌስኮፑ ራሱ ሌንስ ይሆናል ብሎ አስረድቷታል። ይሄን ብነግራት የሺ ሳቀች። "እስከ ዓርብ ካልሠራ ውሰጂው!" ብዬ ዘጋሁባት።

ለምን እንደዚያ አልኩ? አሁን ምን ይዋጠኝ።

ረቡዕ

ከመጋዘኑ ጥበቃ ወጥቼ ፀሐይ ሳትገባ ሰፈሬ ናጅማ ደረስኩ። የቴሌስኮፑን ቱቦ ከነመቆሚያ እግሮቹ ተሸክሜ ጣራ ወጣሁ። ሁለቴ አረፍኩ። ድሮ እግሮቹን የምትይዘው እሷ ነበረች።

ቀለበቱ ልክክ አለ። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

ጨረቃ ቀጭን ናት። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ዝም። ደገምኩ፣ ዝም። ስክሪኑ ላይ እንግሊዝኛ ጻፈ። እኔ አማርኛውንም በስንት መከራ ነው የማነበው።

ሰዒድ ልርዳህ አለኝ። ከጎኔ ያለው ክፍል የሚኖር የወሎ ልጅ ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ያጸዳል። አልፈልግም አልኩት። ጨረቃዋ ከፎቁ ጀርባ ገባች። እራት አልበላሁም።

ሐሙስ

ሰዒድ ጠዋት በር ላይ ጠበቀኝ። "ጋሽ ታዴ፣ ካሜራውም እንደኛ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካልያዝኩ አልሠራም ብሎ ይሆናል።" ሳቄን ዋጥኩት። ሰጠሁት።

እንግሊዝኛ እሱም አይሆንለትም። ግን በልጅነቱ ቁርኣን ሲቀራ ስላደገ ዓረብኛ ያነባል። የካሜራውን ቋንቋ ወደ ዓረብኛ ገለበጠና ጣቱን እያስኬደ ወረደ። "ይኸውልህ! ሌንስ ካላየሁ አላነሳም ነው የሚለው። ያለ ሌንስም አንሳ አልኩት፣ ኸላስ፣ አለቀ።" ተጫነው። ጠቅ አለ። ያ ድምፅ!

አመሻሽ ላይ ብዙ አነሳሁ። ሁሉም ነጭ ጭጋግ። ካሜራው የተገጠመበትን ትንሹን ቱቦ ወደ ውጭ ስስበው የሚሻል ይመስላል፣ ግን በነካሁት ቁጥር ይንቀጠቀጣል።

ነገ ዓርብ ነው። ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ሆኜ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም።

ዓርብ

የሺ መጥታ ሻንጣ ዘረጋች። የዘነበችን ሰማያዊ ሹራብ ፍራሹ ሥር ደብቄው ነበር፣ አገኘችው። "ጋሼ፣ ይሄ ምን ያደርግልሃል?" አለች። ውሰጂው አልኩ። ራሴ አጥፌ ሰጠኋት።

ፀሐይ ስትገባ ሦስታችንም ጣራ ወጣን። የሺ ጫማዋን አውልቃ ታንከሩ ሥር ተቀመጠች። ስልኳን ትነካካለች። እኔን ላለማየት መሰለኝ። ሰዒድ ካሜራው ትንሽ ቆይቶ በራሱ እንዲያነሳ አደረገው፣ እጄ እንዳያናውጠው።

ትንሹን ቱቦ በጣም በቀስታ ሳብኩት። ደግሜ ሳብኩት። ጨረቃዋ ከጭጋጉ ወጣች። ጉድጓዶቿ ሳይቀሩ! ግማሿ ብርሃን፣ ጠርዟ እንደተቆረሰ ዳቦ። እጄን አነሳሁ። ትንፋሼን ያዝኩ። ጠቅ።

ግን አትቆምም፣ ወዲያው ከስክሪኑ ዳር መንሸራተት ጀመረች። "ቶሎ ነይ! ሳታመልጥሽ!" ብዬ ጮህኩ።

ዘነበችን ነው የጠራሁት። አፌ ለምዶ።

የሺ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች፣ እሷን የጠራሁ መስሏት። ጎንበስ ብላ አየች። ብዙ ቆየች። "ይሄንን ነው ስትለኝ የከረመችው?" አለች። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሰዒድ ዞሮ ወደ መንገዱ አየ።

አንቺን አይደለም አላልኳትም።

ቅዳሜ

የሺ ትናንት ማታውኑ ልብሱን ይዛ ሄደች። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ ተወችው፣ ስለሱ አንድም ቃል ሳትናገር። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት፣ ባዶ ነው። ዘጋሁት። ረስቼ መልሼ ከፈትኩት።

ፎቶውን ዛሬ በቀን ብርሃን አየሁት። በአንድ በኩል ትንሽ ደብዝዟል። ለሰዒድ ግን ጥሩ ነው አልኩት።

አሁን የሺ ደወለች። ጨረቃዋ ከማዳሟ ወጥ ቤት መስኮት ትታያለች አለች። "አነሳሃት?"

"ገና ነኝ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

ድምጿ የእህቷን ይመስላል። ይሄን ሁሉ ዓመት ልብ ሳልለው። ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ቱቦው ጭኔ ላይ ነው። ትንሽ አርፌ እወጣለሁ።