የሰርቦው ምስክር

ልያዬ፣

ይህን የምጽፍልሽ ሰርቦ፣ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። አባቴ በወጣትነቱ እዚህ ቡና ሊለቅም መጥቶ ሳለ የጃንሆይን መኪና ከጭቃ ገፍቶ እንዳወጣ ሲያወራ፣ እኔና አንቺ ሆዳችንን ይዘን እንስቅበት የነበረው ትዝ ይልሻል? መንገዱ አሁን አስፋልት ሆኗል፤ ከዳር ያለው ጭቃ ግን ልክ እንደ ሆሳዕናው ሰፈራችን ጫማ ይይዛል።

ዛሬ አብረውት የገፉትን ሰው አገኘኋቸው፤ ሐጂ ሀቢቡላህ ይባላሉ። የአባቴን ስም ስነግራቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ኤርሲዶ? የሆሳዕናው? በግራ እኔ፣ በቀኝ እሱ ሆነን ነው የገፋነው! አንድ ጫማው እዚያው ሰምጦ ቀረበት። ለመሆኑ ደህና ነው?»

ጥር ላይ ማረፉን ነገርኳቸው። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ አጠገባቸው ወደነበሩት ልጆቻቸው ዞረው፣ «እነዚህ አያምኑኝም። አንድ ቀን መጥቶ ይመሰክርልኛል እያልኩ ስጠብቀው ነበር» አሉኝ።

«አባቴም ይህንኑ ነበር የሚነግረን» አልኩ። ልጆቻቸው አንገታቸውን ደፉ። እኔም ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን፣ ያቤፅንና ሐዳሳን፣ ሳሚልኝ። ለእማዬ ደግሞ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ እሷ አንድም ቀን ስቃበት አታውቅም።

ጸጋ