መድኃኒቱን ላቆመችው እህቴ

እታለም፣ «እነሱ ያለ መድኃኒት ከኖሩ እኔስ ለምን እውጣለሁ?» አልሽ አሉ። መልሱ ይቆይ፣ ሰላምታዬ ይቅደም። እንዴት ከርመሻል? ሳሉስ ለቀቀሽ? ልጆቹ፣ ባለቤትሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ ሳይቀር እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቴ ግን የጤና አይመስልም። ስልኬን ስለማታነሺ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ።

ነገሩን ያወጣው «ሬዲዮ» የምንለው ታናሻችን ነው። እንደ ልማዱ ማንም ሳይጠይቀው ለፈለፈው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ባረክኩት። ክኒኑን ካቆምሽ ስድስት ሳምንት ሆኖሻል አለኝ። ጥፋቱ ደግሞ የኔው! ሥራ የያዝኩ ሰሞን፣ ኤች አይ ቪን ሰውነታቸው ብቻውን አፍኖ የያዘላቸውን ሰዎች ደም እመረምራለሁ ብዬ ሦስት ገጽ ሙሉ ጉራዬን የነዛሁብሽ እኔ ነኝ። ከመቶ ሰው አንድ እንኳ እንደማይሞሉ ግን አልጻፍኩም። አዲስ ተመራቂ ደስ የሚለውን ብቻ ነው የሚያወራው።

«ምርመራዬ ላይ ቫይረሱ አይታይም፣ እኔም ከነሱ ነኝ» ማለትሽ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ። እንዳይታይ ያደረገው እኮ በየቀኑ የዋጥሽው ክኒን ነው! ሌባ አልመጣም ብለሽ ዘበኛውን ታባርሪያለሽ?

ከነዚያ ሰዎች አንዷ የሆነች፣ ላቦራቶሪያችን የምትመላለስ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ቫይረሱ በደሟ እያለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ክኒን ሳትቀምስ ኖራለች። ክንዷን ስትዘረጋልኝ፣ ደሜን ቀድታችሁ ጨረሳችሁት፣ መልሱ የታለ እያለች ትቀልድብኛለች። ለምን እሷ እንደቻለችና ሌላው እንዳልቻለ በደንብ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ተደፍቼ እውላለሁ። ባለፈው ወር የሷም ቫይረስ መጨመር ጀመረ። ውጤቱን እንደሰማች ያንኑ ቀን መድኃኒት ጀመረች። ይህን እንድጽፍልሽ የፈቀደችው ራሷ ናት። «እኔ እንኳ ሰውነቴን አምኜ አልተኛሁም፣ በየሦስት ወሩ ስመረመር ነው የኖርኩት፤ እህትሽ ማንን ተማምና ነው?» ብላሻለች።

እባክሽ ነገ ከነገ ወዲያ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ማቆምሽን ለነርሷ አትደብቂ፤ ብትቆጣም ትቆጣ፣ ከኔ አትብስም። እንዴት እንደምትቀጥዪም እሷው ትንገርሽ።

እማዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ ትልቋንና ትንሿን ልጅሽን ሰላም በይልኝ። ሬዲዮን አመስግኚው፣ ግን እንዳይኮራ። ሂጂና በተመለስሽበት ቀን፣ ሁለት መስመርም ቢሆን፣ «ጀምሬያለሁ» ብለሽ ጻፊልኝ።

ታናሽሽ
ከላቦራቶሪው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ጥቅምት 9 ቀን